የቢዝነስ ሲሙሌሽን ወይስ የወፍጮ ቤት መዝገብ፦ የትኛው ገንዘብ ያወጣል?

ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም የሚደውሉልኝ ወጣቶች ንግድ ከመጀመራቸው በፊት የቢዝነስ ሲሙሌሽን ሥልጠና (በኮምፒውተር ላይ የይስሙላ ድርጅት እየመሩ የሚለማመዱበት) ይግዙ ወይስ ገንዘባቸውን በቀጥታ ሥራ ላይ ያውሉት እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሁለቱንም ከኪሴ ከፍዬ ስላየሁ አድልዎዬን አልደብቅም፤ ከሲሙሌሽኑ ይልቅ በሥራ ላይ ያለ ድርጅት መዝገብ ይሻላል።

በዋጋው ልጀምር። ለስምንት ቅዳሜ ሥልጠናና ለስድስት ወር የሶፍትዌር ፈቃድ 14,500 ብር ከፈልሁ። ፈቃዱ የሚታደሰው በዶላር ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተጠየቅሁት የእድሳት ዋጋ ከመጀመሪያው ክፍያ በለጠ። ይህን ለመሸሽ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት በ300 ብር በፍላሽ የተገለበጠ ቅጂ ብገዛ፣ አራተኛው የጨዋታ ዙር ላይ ውሳኔዬን መቀበል አቆመ፤ ይዞት የመጣውን ቫይረስ ለማስወገድም ላፕቶፑን በ800 ብር አስፎረማትሁ፣ የቆየ የሂሳብ ፋይሌም አብሮ ጠፋ።

በሲሙሌሽኑ ውስጥ ድርጅቴ ሦስት ዓመት ተከታትሎ አትርፏል። እዚያ ዋጋ ሲቀንስ ሽያጭ በቀመሩ ልክ ይጨምራል፣ ማሽን በየዓመቱ አሥር በመቶ ያረጃል፣ ዱቤ የሚባል ነገር የለም። ከአጎቴ ጋር በሽርክና የያዝነው ወፍጮ ግን ደህና ሲፈጭ ይከርምና በአንድ ቀን ይቆማል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ ማለትም ሻፍቱን፣ የሚይዘው ኩሽኔታ ተበላ፤ ኦሪጅናሉ 4,200፣ ፎርጂዱ 1,500 ብር ነበር፤ ማሸጊያቸው አንድ ስለመሰለን ርካሹን ወሰድን። በ19ኛው ቀን፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ የተቃጠለ ግሪስ ሸተተን፤ የኩሽኔታውን ቤት ብነካው እጄን ማቆየት አልቻልሁም። አጥፍተን ስንፈታው ሻፍቱንም በልቶት አገኘነው። ቶርኖ ቤት 2,800 ብር ተከፈለ፣ ኦሪጅናሉም በ4,200 ተገዛ፤ በቀን 1,900 ብር ገደማ የምናስገባበት ወፍጮ ሦስት ቀን ተዘግቶ 5,700 ብር አሳጣን። እህል የጫኑ አህዮች በደጃችን አልፈው ወደ ጎረቤት ወፍጮ ሲነዱ ቆመን አየን። ፎርጂዱን ጨምሮ ድምሩ 14,200 ብር ነው፤ ኦሪጅናሉን መጀመሪያውኑ ብንገዛው ኖሮ 10,000 ብሩ በእጃችን ይቀር ነበር። ከሥልጠናው ክፍያ ጋር ሲተያይ ትምህርቱ ረክሶ መጥቷል፤ አጎቴ ግን በዚህ ስሌት እስከ ዛሬ አይስቅም።

ለሲሙሌሽን የምሰጠው ምስክርነት አንድ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩበት የኖሩት የቢራ ጨዋታ የሚባል አለ፤ አራት ተጫዋቾች ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ከቀጣዩ ያዝዛል። የደንበኛው ፍላጎት በሳምንት ከ4 ሣጥን ወደ 8 የሚያድገው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ዕቃው እስኪደርስ ባለው መዘግየት ምክንያት ሁሉም ደጋግሞ ስለሚያዝዝ ፋብሪካው ጋ ትዕዛዙ ያብጥና በድንገት ይወድቃል። የዓባይ በረሃ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የዘይት ነጋዴዎቻችን እጥፍ አዝዘው፣ መንገዱ ሲከፈት ዘይት የሚታቀፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ጨዋታ ለመጫወት ግን አራት ሰው፣ ቁራጭ ወረቀትና ጥቂት ሳንቲም ስለሚበቃ 14,500 ብር የሚያስወጣ ምክንያት አልታየኝም።

የትልልቅ ድርጅቶችን ውጤት ማየት የሚፈልግ የባንኮቻችንን ኦዲት የተደረገ ዓመታዊ ሪፖርት ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ በሰኔ የተዘጋን ሂሳብ ከወራት በኋላ ስለሚያመጣ፣ ማን ዱቤ እንዳልከፈለ ወይም የትኛው ማሽን በየትኛው ቀን እንደቆመ አታዩበትም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምላቸው በ120 ብር ወፍራም ደብተር ገዝተው፣ በዘመድ ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ አንድ ወር ተቀምጠው፣ የገባውን ብር፣ ዱቤውን፣ የጥገናውን ወጪና የተዘጋበትን ቀን በየዕለቱ እንዲጽፉ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓምዶች እኔ የገዛሁት ሲሙሌሽን ጭራሽ አያውቃቸውም። ወፍጮ ለመክፈት የቆረጠ ደግሞ ለሥልጠናው ሊከፍል የነበረውን ገንዘብ ለመለዋወጫ ያስቀምጥ፤ ኩሽኔታውንም ደረሰኝ ከሚሰጥና የተበላሸ ዕቃ መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ብቻ ይግዛ።