የመንዝ ፈረስ፣ የሰላሌ ፈረስ ወይስ በቅሎ? ሰሜን ሸዋ ላይ ለሚገዛ ሰው

ፈረስ ልትገዙ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን መንገድ አስቡ። ሜዳ ነው ወይስ ቁልቁለት? ሰሜን ሸዋ ሁለቱም አለው። ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ ስትሄዱ ሰፊ ሜዳ ነው። ጣርማበር ላይ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ቆማችሁ ቁልቁል ታያላችሁ፤ ታች ያለው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። የጀማን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሰውም ነገሩ ይገባዋል። ለአንዱ ቦታ የተስማማ እንስሳ ሌላው ቦታ ላይ መከራውን ያያል።

ገበያ ላይ ግን ገዢው ቀድሞ የሚያየው መልክ ነው። ዳማ ነው? አምባላይ ነው? ግንባሩ ላይ ነጭ አለው? ይሄ የቆየ ፍቅር ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። የጀግናው ስም ከፈረሱ ስም የማይለይበት አገር ነው። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሸዋን አርበኞች የመሩት ራስ አበበ አረጋይ አባ ገስጥ ይባሉ ነበር። እኔም ጥሩ ቦራ (ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው) ፈረስ ሳይ ቆሜ ማየቴ አይቀርም። ግን ቀለሙ ስለ እግሩም ሆነ ስለ ጀርባው ምንም አይነግራችሁም።

ሁለቱ ፈረሶች

ተመራማሪዎች በአገራችን ስምንት የፈረስ ወገኖችን ለይተዋል። እነሱም አቢሲኒያ፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ቦረና፣ የኦጋዴኑ ውልዋል እና በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖረው ናቸው። እኛን የሚመለከቱን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የመንዙን ፈረስ እኔ የምቆጥረው ከአቢሲኒያው ወገን ነው። የሰላሌው ፍቼና አካባቢው ላይ ያደገው ነው። (ሰሜን ሸዋ ስል በአማራም በኦሮሚያም በኩል ያለውን ማለቴ ነው።)

የመንዝ ፈረስ አጭር ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ፀጉሩ በብርድ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውርጭ ያሳደገው እንስሳ ነው። ገብስ ከአውድማ ያመላልሳል፣ እህል ያበራያል፣ እሁድ ደግሞ ጌታውን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ግጦሹ ሲሳሳ ቶሎ አይከሳም። አካሄዱ ግን ለጋላቢው ያን ያህል አይመችም፤ ሶምሶማው ወገብ ይነቀንቃል።

የሰላሌው ሲታይም ያስታውቃል። እግሩ ዘለግ፣ አንገቱ ቀና ይላል። በአገር ውስጥ ፈረሶች መካከል በቁመናው የሚመሰገነው እሱ ነው። ሽምጥ ሲጋልብ ለማየት ጥምቀት ላይ ሜዳ መውጣት ነው። ለፈረስ ጉግስ፣ ለሰርግ አጀብ፣ ለረጅም የሜዳ መንገድ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሳልጠራጠር ሰላሌ ግዙ እላችኋለሁ። ግን ይበላል። ሰላሌ የለመለመ የወተት ላም አገር ነው፤ ፈረሱም ድርቆሽና ገብስ ለምዶ ነው ያደገው። መንዝ ጓሳ ሥር ወስዳችሁ በጭድ ብቻ አሳድረዋለሁ ካላችሁ፣ የገዛችሁት መልክ በአንድ ክረምት ይረግፋል።

በቁመት ሁለቱም ከውጭ ዝርያ ጋር አይወዳደሩም። የአገራችን ደጋ ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.25 እስከ 1.40 ሜትር ነው። ይሄ እንደ ጉድለት አያሳስባችሁ። አጭር እግር ለዳገት ይመቻል፣ ትንሽ ሰውነት በትንሽ መኖ ያድራል። የውጭ ክልስ ልግዛ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ጋጣ፣ መኖና የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

በቅሎስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ፣ ምክንያቱም ምርጫው ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ ያለው የቤት ፈረስ ዘሩ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በላይ ካለው የሣር ሜዳ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመተ ዓለም አካባቢ ከዚያ ተነስቶ በፍጥነት ተሰራጨ። የሜዳ ልጅ ነው። አደጋ ሲያይ መፍትሔው መሮጥ ነው። አህያ ግን የእኛው ሰፈር ልጅ ናት። ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነው። የዱር ዘመዷ ዛሬም ከይፋት ባሻገር፣ አፋር በረሃ ውስጥ አለች፣ ምንም እንኳ ልትጠፋ ጥቂት ቢቀራትም። ድንጋይና ጥም ያሳደጋት ስለሆነች አደጋ ስታይ ቆም ብላ ታጤናለች። ሰው ግትር የሚላት ለዚህ ነው።

በቅሎ የሁለቱ ልጅ ናት፤ አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። ከእናቷ ቁመትና ጉልበት፣ ከአባቷ ደግሞ ጠንካራ ሰኮናና ጥንቃቄ ትወርሳለች። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ 63 ስለሚደርሳት አትወልድም። ስለዚህ በቅሎ ስትገዙ የምትገዙት እሷን ብቻ ነው፤ ዘር አትጠብቁ።

ቁልቁለት ላይ ግን የሚያህላት የለም። ከአንኮበር ወደ ታች፣ ከጣርማበር ወደ ይፋት፣ ከመርሐቤቴ ወደ ጀማ ለሚመላለስ ሰው ከበቅሎ ሌላ አልመክርም። የድሮ መኳንንትም ይሄን ያውቁ ነበር። ዘመቻ ሲሄዱ በሰጋር (አካሄዷ የማይነቀንቅ) በቅሎ ይጓዛሉ፣ ፈረሱ ሰው ሳይቀመጥበት በጎን ይሳባል፤ ፈረስ ላይ የሚወጡት ጦርነቱ ሲደርስ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ነው። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ሞቃት ቦታ ላይ ይበረታል። ፈረስ ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በቅሎ የተሻለ ትቋቋማለች፣ አህያ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ደጋ ላይ ያደገ ፈረስ ይዛችሁ በመስከረምና በጥቅምት ቆላ የምትወርዱ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ አስከትቡት። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ደህና ሰጋር በቅሎ ከፈረስ ትበልጣለች። ዕድሜዋም ረዘም ያለ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ለሚያስብ ሰው አታከስርም። ለገበያ ጭነት ብቻ ከሆነ ደግሞ አህያ ይበቃችኋል፤ ሌላ ወጪ ውስጥ አትግቡ።

ባዝራን አትናቁ

ብዙ ሰው ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ወይም ስንጋ (የተኮላሸ) ካልሆነ አይጋልብም። ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ፣ መጋለብ ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። ይሄ አስተሳሰብ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥሩ ባዝራዎች በርካሽ እየተሸጡ ጭነት ሲጎትቱ ያልቃሉ። ባዝራ 11 ወር አርግዛ ትወልዳለች። ከድንጉላ ፈረስ ብታገናኟት ፈረስ፣ ከወንድ አህያ ብታገናኟት በቅሎ ይኖራችኋል። መሬትና ግጦሽ ያለው ገበሬ ከሆናችሁ፣ ከሁሉም በፊት የምመክራችሁ አንዲት ደህና የመንዝ ባዝራ ነው። ድንጉላ ለወጣት ጋላቢ ያምራል፤ ባዝራ ባለችበት ሰፈር ግን መያዣው ይቸግራል። ለቤተሰብ ስንጋው ይሻላል።

ስትገዙ

ሻጩ «ጋሼ፣ ገና 5 ዓመቱ ነው» ይላችኋል። ከንፈሩን ገልጣችሁ የታች የፊት ጥርሶቹን እዩ። የወተት ጥርሶቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀየራሉ። 5 ዓመት ሲሆነው ሁሉም ቋሚ ናቸው፣ ላያቸው ላይም ጥልቅ ጉድጓድ አለ። መካከለኞቹ በ6፣ ቀጣዮቹ በ7፣ ዳርና ዳር ያሉት በ8 ዓመት ገደማ ይሞላሉ። ጉድጓዱ ከሁሉም ላይ ጠፍቶ «5 ዓመቱ» ከተባላችሁ ሂሳቡ አልገጠመም።

ቀጥሎ ኮርቻውን አስወርዱ። ኮርቻ ሳይወርድ አትዋዋሉ። ገጣባ (የኮርቻ ቁስል) ካለ ታያላችሁ። ቁስሉ ድኖም ከሆነ ቦታው ላይ ነጭ ፀጉር ይበቅላል፤ ጀርባው ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ነጠብጣብ እንደ ጌጥ አትውሰዱት። እግሩ ላይ ወይም ደረቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶችና መግል የሚያወጡ ቁስሎች ካሉ ደግሞ አትንኩት፤ ወደ ሌላ እንስሳ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አራቱንም እግር አስነሱ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው መሆኑን እዩ። አስፋልት ካለ አስፋልት ላይ በሶምሶማ አስኪዱት፤ የሚያነክስ ከሆነ እዚያ ላይ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ይጋለጣል። ለቁልቁለት የምትፈልጉት ከሆነ ቁልቁለት ላይ ካልሞከራችሁ ገና አላያችሁትም።

ጠባዩንም ፈትኑ። መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ይቀመጥበት። ባጃጅ በአጠገቡ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ደንባራ ከሆነ ልጆች ላሉበት ቤት አይሆንም። «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ደግሞ ቃጭሉ ሲኖትራክ ነው።

ኮርቻውን በመጨረሻ ግዙ፣ እንስሳውን ካወቃችሁ በኋላ። ለሰላሌ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ የመንዙ ሰፊ ጀርባ ላይ ይቆረቁራል፣ በበቅሎ ቀጭን ትከሻ ላይ ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሻጩ አሮጌውን ኮርቻ በምርቃት ልስጣችሁ ካለም፣ ሥሩ ያለው ስፌትና እንጨት አለመጉበጡን እጃችሁን አስገብታችሁ ሳትዳስሱ አትጫኑት።