“ወገቤን ቆረጠኝ” ብዬ ላጣሁት ካሳ የደረሰችልኝ እህት

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በዚያውም በሰሜን ቨርጂኒያ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያና በመጋዘን የምትሠሩ ወገኖቼ ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስባችሁ ማን ዘንድ መሄድ እንደምትችሉ ልጠቁማችሁ።

ሥራዬ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነው። አንድ ጠዋት ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ትልቅ ፍራሽ በአንድ እጄ አንስቼ በሌላው አንሶላውን ስሸጉጥ ወገቤ ውስጥ ቀጭ ያለ ነገር ተሰማኝና እዚያው ተንበረከኩ። ደግፋ ያነሳችኝ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሆቴሉ አንድ ክሊኒክ መርጦ ላከኝ፤ ሊያስተረጉምልኝ ልጄ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሙ ምን ሆንሽ ሲለኝ፣ እኛ እንደምንለው “ሥራው ወገቤን ቆረጠኝ” አልኩት። ልጄ እዚሁ ያደገ ነውና “ሥራዋ ወገቧን ያማታል” ብሎ ተረጎመው። ሐኪሙም እንደሰማው ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ ከሆቴሉ የኢንሹራንስ ድርጅት ደብዳቤ መጣ፦ ሕመሙ ቀስ በቀስ የመጣ እንጂ አደጋ ስላልሆነ አንከፍልም።

አለቃዬ “እኛ ሪፖርት አድርገናል፤ ከአንቺ የሚጠበቅ ነገር የለም” ስላለኝ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ከአደጋው ጀምሮ አንድ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ!

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወዳጄ ናት በሕግ ቢሮ ውስጥ የጠበቃ ረዳት ወደሆነችው ወደዚህች እህት የወሰደችኝ። ወረቀቴን አንብባ ስትጨርስ “አይዞዎት” እንኳን አላለችኝም። “እትዬ፣ ስንት ሰዓት ነበር? የትኛው ክፍል? ፍራሹን በየትኛው እጅዎ አነሱት?” አለችኝ። እኔ ሞኟ “ወድቄ ነው ብል አይሻልም?” ብላት ብዕሯን አስቀመጠች። “ያልሆነውን አንዲት ቃል አይጨምሩ። የሆነውን ግን አንዲት ቃል አያስቀሩ።”

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ካሳ የሚከፍለው በአንድ በሚታወቅ ጊዜ፣ በአንድ በሚታወቅ ድርጊት ለደረሰ ድንገተኛ ጉዳት ነው። የዓመታት ሸክም ያደከመው ወገብ፣ ሐቁ ሥራው ቢሆንም፣ እዚህ ግዛት በአደጋ አይቆጠርም። እንዲያው ጎንበስ ሲሉ መታመምም ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳቱን ያመጣው ነገር ከሥራው የመነጨ መሆን አለበት። የእኔ ፍራሽ ግን ከባድ ነበር፤ አያያዙም የማይመች። ይህን ሁሉ “ቆረጠኝ” በምትል አንድ ቃል ውጬው ነበር።

ስልኬን አስከፍታ መልእክቶቼን አገላበጠች። በዚያች ጠዋት ለተቆጣጣሪዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ “ፍራሽ ሳነሳ፣ አሁን፣ ወገቤ” ብዬ ልኬ ነበር። “አሁን” የምትለዋ ቃል አዳነችኝ። ለአሠሪ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ መልእክቱም ማሳወቄን መሰከረልኝ። ባልደረባዬም ያየችውን ተናገረች።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አሠሪው ሪፖርት አደረገ ማለት ሠራተኛው ካሳ ጠየቀ ማለት አይደለም። ጥያቄውን ሠራተኛው ራሱ፣ አደጋው በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማስገባት አለበት። ለእኔ የቀረኝ አምስት ወር ብቻ ነበር። የአለቃዬን ቃል አምኜ ብቀጥል ኖሮ በሩ ይዘጋብኝ ነበር።

ሐኪምን በተመለከተም፣ ሆቴሉ ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር አቅርቦ ማስመረጥ ነበረበት። ዝርዝር ስላልሰጠኝ ሐኪም የመምረጥ መብቱ የእኔ ሆነ፤ የመረጥኩት የአከርካሪ ሐኪም ጉዳቱን በግልጽ ጻፈው። አንዴ ከመረጡ በኋላ ግን እንደፈለጉ መቀያየር የለም።

ክፍያውን ደግሞ ሳትታክት አስረዳችኝ። ሥራ መሥራት ላልቻልኩባቸው ሳምንታት የሚከፈለው፣ ከአደጋው በፊት በነበሩት 52 ሳምንታት ግብር ሳይነሳ ካገኘሁት አማካይ የሳምንት ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ አማካዩን 720 ዶላር ብሎ አስልቶ ነበር፤ እሷ የደመወዝ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ደምራ የተረሳውን የትርፍ ሰዓት ስትጨምርበት 810 ሆነ። ስለዚህ የሳምንቱ ክፍያ ከ480 ወደ 540 ዶላር ከፍ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የሚከፈሉት ከሥራ መቅረቱ ከሦስት ሳምንት ሲያልፍ ነው፤ የእኔ 11 ሳምንት ስለነበር እነሱም ተከፈሉኝ። “ለስቃዬስ?” ብዬ ጠይቄያት ነበር። ለስቃይ ክፍያ የለም። ይህ ሕግ አሠሪውን ጥፋተኛ ነው ብለሽ ማስረዳት ሳያስፈልግሽ ያስከፍልሻል፤ በልዋጩ አሠሪውን ፍርድ ቤት ከሰሽ ሌላ ካሳ አትጠይቂም። በየቡናው ሚሊዮን የሚያወሩትን አትስሟቸው።

ችሎት ከመቅረባችን በፊት ድርጅቱ ተስማማ። እሷ ግን ስምምነቱ በኮሚሽኑ ትእዛዝ ካልጸደቀ አስተማማኝ አይደለም ብላ ትእዛዙ በፖስታ እስኪደርሰኝ ድረስ ፋይሉን አልዘጋችም።

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሜሪላንድ የምትሠሩ ይህን ለራሳችሁ እንዳለ አትውሰዱት። በዲሲ ለምሳሌ የማመልከቻው ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

ስሟንና የቢሮውን ስልክ በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ፣ የምትፈልጓት በግል ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ ጠበቃው የሚወስደውንም የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቢሮዋ ብሄድ “እትዬ፣ ይህን እኮ ኮሚሽኑ አልፈቀደልንም” ብላ ሳቀች። ከዚያ ቢላዋ ፈልጋ መጣችና ትልቁን ቁራሽ ለራሷ ቆረሰች።