ሲልቨር ስፕሪንግ ማሳጅ ለምትሠራው እህታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ማሳጅ የምትሠራ አንዲት አበሻ እህታችንን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። እናቴ በእሷ እጅ እፎይ ብላለች። ባለቤቴም ዛሬ በጤና መኖሩን ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው እሷን ነው።

ከእናቴ ልጀምር። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ከብብቷ ሥር ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ወጡ። ከዚያ ጨረር ወሰደች። ካንሰሩ ተመስገን ነው። ከወራት በኋላ ግን ቀኝ ክንዷ ማበጥ ጀመረ። ቀለበቷ አልወጣ አለ፣ የቀሚሷ እጅጌ ጠበባት፣ ክንዷን መሸከም ሰለቻት። ሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች የሚወጣውን ትርፍ ፈሳሽ ሰብስቦ የሚመልስ የሊምፍ መስመር አለ። ንፍፊቶቹ ሲወጡ ወይም በጨረር ሲጎዱ መውጫው ይጠባል፤ ፈሳሹ ክንድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሊምፌዲማ የሚሉት ይህን ነው።

ዘመድ ሁሉ ምክር ነበረው። «ጠበቅ አድርጎ በቅባት የሚያሽ ሰው ፈልጉላት» የሚለው በዛ። እኛ አገር መታሸት ሲባል ወጌሻ ስለሚታሰብ አይፈረድባቸውም። እህታችን ግን ክንዷን እንዳየች «እማማ፣ ይሄ ክንድ ጉልበት አይፈልግም» አለቻት። ከቆዳ ሥር ያሉት የሊምፍ ቱቦዎች በጣም ቀጫጭን ናቸው። በኃይል ሲጫኗቸው ይጨፈለቃሉ እንጂ ፈሳሹን አያሳልፉም።

ለዚህ የሚሆነው የሊምፍ ማሳጅ ነው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዳበሩት ዘዴ ነው። እጅ ቆዳውን በቀስታ ሳብ አድርጎ ይለቃል፤ ደግሞ ሳብ ያደርጋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ካበጠው ክንድ አለመጀመሯ ነው። መጀመሪያ አንገት፣ ከዚያ ደረትና ጤነኛው ብብት፣ ክንዱ መጨረሻ። ክንዱንም ቢሆን ከትከሻ ጀምራ ነው ወደ ታች የምትወርደው። መንገድ ሲዘጋጋ ከፊት ያሉት መኪኖች ካልተነሱ የኋላው እንደማይንቀሳቀስ ማለት ነው። እጇ ከመቅለሉ የተነሳ እናቴ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ጠብቃ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለቻት። ግማሹ አልቆ ነበር።

ማሳጁ ብቻውን እንደማይበቃ ደጋግማ የነገረችንም እሷው ናት። ከማሳጁ በኋላ ክንዱን ከጣት እስከ ትከሻ በድርብርብ ፋሻ ታስራለች። ፋሻው እንዳለ ቀላል እንቅስቃሴ ታሠራታለች። ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት አለ። እብጠቱ ሲቀንስ ደግሞ ኮምፕሬሽን ስሊቭ የሚባለውን ጠበቅ ያለ እጅጌ ማድረግ ይመጣል። ክንዱ ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ከመጣ ማሳጅ የለም፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ነው። ደግሞም ሊምፌዲማ በቁጥጥር ሥር ይውላል እንጂ ጨርሶ እንደማይጠፋ ከመጀመሪያው ቀን ሳትሸሽግ ነገረችን። «አድንሻለሁ» ብትላት እናቴ ታምናት ነበር። አላለችም። ዛሬ ክንዷ ቀሏታል፤ ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች።

ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። ለእሱ የምትሠራው ፍጹም ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ስዊድሽ የሚባለውን፣ በዘይት ረዘም አድርጎ መዳበስና ጡንቻን ማሸት ያለበትን ትሠራለች፤ ሰውነቱ ይፍታታል። ከዚያ በአውራ ጣትና በክርን ቀስ እያለች ወደ ታችኛው ጡንቻ ትገባለች። ትከሻው ላይ ሲነኩት ሕመሙ እስከ ጭንቅላቱ የሚሄድ አንድ ቋጠሮ አለው። እሱን ጫን አድርጋ ይዛ ትቆያለች፤ እስኪለቅ። ያን ቀን ማታ እንቅልፉ ሌላ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለአዲስ የወገብ ሕመም ከኪኒን በፊት ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ማሳጅ ነው። ለከረመ ሕመም ግን ራስ በራስ መንቀሳቀስ የግድ ነው፤ እሷም የምታሠራው ስፖርት አላት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ባልሠራችው ሥራ ነው። ባለቤቴ ከረጅም መንገድ ተመልሶ ባቱን አመመኝ ብሎ ሊታሽ ሄደ። አንዱ እግሩ አብጧል፣ ይሞቃል። አይታ «ወንድሜ፣ ይሄን እግር አልነካም። አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ሂድ» አለችው። እሱ ድካም ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። እሷ ግን ስልክ አንስታ ለእኔ ደወለችልኝ። ሲመረመር የረጋ ደም ተገኘ። እንዲህ ያለውን ባት ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ይህን የማያውቅ እጅ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ማሳጅ መርዝ ከሰውነት ያወጣል፣ ካንሰር ይፈውሳል የሚል ነገር ከአፏ አይወጣም። የታይ ማሳጅ ለጠየቃት ሰው አልሠለጠንኩበትም ብላ ወደ ሌላ ስትልክ ሰምቻለሁ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ፣ አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯት። ካልነገራችኋትም ትጠይቃችኋለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፦ እጅሽ ይባረክ። እናቴም በየጸሎቷ ታነሳሻለች።

ለምትፈልጓት ጥቂት ነገር ልበል። የሜሪላንድ የማሳጅ ፈቃድ አላት፤ ማንኛውንም ባለሙያ ፈቃዱን ከሚሰጠው የግዛቱ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ትችላላችሁ። ሊምፍ ላይ ለመሥራት ግን ተራው ፈቃድ አይበቃም፤ 135 ሰዓት የሚፈጅ ልዩ ሥልጠና ስላለ ማንም ጋ ብትሄዱ እሱን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ጡት የማስወገድ ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍን የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ የሊምፌዲማን ሕክምናም መሸፈን አለበት። ሜዲኬርም (በተለይ ለአዛውንቶች የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለኮምፕሬሽን ስሊቩ ይከፍላል። አንዳንድ ኢንሹራንስ ግን የሚከፍለው ለፊዚካል ቴራፒስት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሪፈራል ከሐኪማችሁ አጽፋችሁ ቀድማችሁ ደውሉላቸው። ቅዳሜ ቀጠሮዋ ቶሎ ስለሚሞላ በሥራ ቀን ብትሞክሩ ይሻላል።