ልብ ይቀድማል ወይስ ፍርሃት?

ማታ ጠባብ መንገድ ላይ ውሻ ድንገት ሲጮህብህ ልብህ ይመታል፣ ጉልበትህ ይከዳሃል። የፈራኸው ግን መቼ ነው?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ዴንማርካዊው ሐኪም ካርል ላንገ በዓመቱ፣ አካል ይቀድማል አሉ። ፍርሃት ማለት ያንኑ የልብ ምትና የጉልበት መብረክረክ ማስተዋላችን ነው።

የሰውነት አሠራር ተመራማሪው ዋልተር ካነን በ1927 ይህን ተቃወመ። ልብ ለንዴትም፣ ለደስታም፣ ለሩጫም ይመታል፤ ታዲያ ፍርሃትን በምን እንለየዋለን? የሆድ ዕቃ ለውጥም ቢሆን ዘገምተኛ ነው፤ ስሜት ግን ወዲያው ይመጣል። ለእሱና ለተማሪው ለፊሊፕ ባርድ የአካል ለውጡም ስሜቱም ከአንጎል በአንድ ጊዜ ይነሳሉ።

እኔን የካነን ሙግት ይበልጥ ያሳምነኛል። ሆኖም ትንፋሼን ረጋ አድርጌ ስስብ ፍርሃቴ ሲበርድልኝ አያለሁና፣ ጄምስን ጨርሼ መተው አልቻልኩም።