የግል ክሊኒክ፣ አፕ ወይስ የማኅበረሰብ የምክር ማዕከል? ገንዘባችሁን ሳትጨርሱ አንብቡት

«ርካሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከጓደኞቼ ተለይቶኝ አያውቅም። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ደግሞ ገንዘባቸውን አንድ ቦታ ካፈሰሱ በኋላ ነው። አንዷ ራሱን «ላይፍ ኮች» (የሕይወት አሠልጣኝ) ብሎ ለሚጠራ ሰው የወራት ጥቅል አስቀድማ ሙሉውን ከፈለች። ሁለት ጊዜ ካገኘችው በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስለዚህ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ። ከኪሱ ለሚከፍል ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት የማኅበረሰብ የምክር አገልግሎት ማዕከል ነው ባይ ነኝ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የአንዱን ቀጠሮ ሂሳብ ብቻ አትዩ። ጠቅላላ ክትትሉን አስሉ። ለድብርትና ለጭንቀት በብዛት የሚሰጠው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ማለትም የአስተሳሰብና የባህሪ ልማድን ለመቀየር የሚሠራ የንግግር ሕክምና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች የሚያልቁት ታሪክ በመናገር ነው። ግል ክሊኒክ ሄዶ በሦስተኛው ቀጠሮ ብር ያለቀበት ሰው ያቋረጠው ሥራው ሊጀመር ሲል ነው። ገንዘቡም ወጣ፣ ሕመሙም እዚያው ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «12 ጊዜ መክፈል እችላለሁ?» ይሁን። መልሱ አልችልም ከሆነ፣ ባለሙያው የቱንም ያህል ቢወደስ አይጠቅማችሁም።

ብዙ የማኅበረሰብ ማዕከላት የሚያስከፍሉት በገቢ ልክ ነው። ተመናቸው ደረጃ ደረጃ አለው። ታዲያ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ሙሉውን ዋጋ ሊሆን ይችላል። እሱን ሰምታችሁ ስልኩን አትዝጉ። «በገቢ ልክ ትሠራላችሁ? ዝቅተኛው ክፍያችሁ ስንት ነው? ምን ማስረጃ ላምጣ?» በሉ። አታፍሩ፤ የሚያነሳው ሰው ይህን ጥያቄ ሲመልስ ነው የሚውለው። ቀጥላችሁ ለመጀመሪያው ምርመራ ለብቻ የሚከፈል ነገር እንዳለ ጠይቁ። የቀረ ቀጠሮ እንደሚያስከፍልም አጣሩ። ብዙ ቦታ ከ24 ሰዓት በፊት ካልሰረዛችሁ ያስከፍላሉ፤ ያ ክፍያ ሁለት ጊዜ ከመጣ ርካሹ ቦታ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ሥራ ቢለቁ ወይም ደመወዝ ቢቀንስ ተመኑ እንደገና ይታያል ወይ የሚለውም መልስ ያስፈልገዋል።

«ርካሽ ከሆነ ጥራት የለውም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ እነዚህ ማዕከላት ውስጥ ትምህርቱን እየጨረሰ ያለ ተለማማጅ ሊደርሳችሁ ይችላል። ግን ተለማማጁ ብቻውን አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየጊዜው ሥራውን ይከታተላል። ማን እንደሚከታተለው ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የሚባል ሥራ አለ። እዚያ የሚያማክሩት የሠለጠኑ እናቶችና አያቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው እነሱ ካማከሯቸው ሰዎች 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ጥሩ ሥልጠናና ጥሩ ክትትል ካለ ዝቅተኛ ዋጋ አያስፈራኝም።

የሚያስፈራኝ አስመሳዩ ነው። በብዙ አገር «ኮች» የሚለውን ስም ማንም ሰው መጠቀም ይችላል። የአጭር ሥልጠና ሰርተፍኬት ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ፈቃድ አይደለም። የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ጠይቁና ከሰጪው አካል አረጋግጡ። በዚህን ያህል ቀን አድናለሁ የሚል፣ ወይም የብዙ ቀጠሮ ክፍያ አንድ ላይ አምጡ የሚል ሰው ጋር አትቆዩ።

በስልክ ምክር የሚሰጡ አፖች ላይ ብዙም አልቆይም። ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል፣ ከቤት መውጣት የለም። ነገር ግን በየወሩ ከካርዳችሁ በራሱ የሚቆርጥ ብዙ ነው፤ ባትጠቀሙም ይቆርጣል። የምትናገሩት ምስጢርም የት እንደሚሄድ ማየት አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ቤተርሄልፕ የተባለው የኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የደንበኞችን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አካፍሏል በሚል 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

የግል ክሊኒክ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። እንደ ኦሲዲ (የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም) ያለ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ችግር ካለባችሁ፣ በዚያ ላይ የሠለጠነ ሰው ጋር ጥቂት ጊዜ መክፈል ሌላ ቦታ ከመንከራተት ይሻላል። አንዳንድ ክሊኒኮች ለአቅመ ደካማ በቅናሽ የሚይዟቸው ጥቂት ቦታዎች አሏቸው፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ደግሞም ካውንስለር (አማካሪ) መድኃኒት አያዝም። መድኃኒት ካስፈለገ የአእምሮ ሐኪም ታያላችሁ፤ ያኔ ሐኪሙን ለመድኃኒቱ፣ ማዕከሉን ለንግግሩ መያዝ ወጪውን ያቀልላል።

ብዙ ቦታ በመጀመሪያው ቀን የድብርትን መጠን የሚለካ 9 ጥያቄ ያለው ፎርም ይሰጧችኋል፤ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድብርቱ የበረታ ነው። የመጀመሪያ ውጤታችሁን ጽፋችሁ ያዙ። በየጥቂት ሳምንቱ እንደገና እንዲያሠሯችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ካልወረደ ገንዘባችሁና ጊዜያችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ ከአማካሪው ጋር በግልጽ መነጋገር መብታችሁ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ለሱ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ አትደብቁት። ሐሳቡ ከበረታ ደግሞ ወረፋ አትጠብቁ፣ ዋጋም አታወዳድሩ፤ ሰው ይዛችሁ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የማዕከላቱ ትልቁ ችግር ወረፋ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሦስት ቦታ ተመዝገቡ። የተሰረዘ ቀጠሮ ሲገኝ እንዲደውሉላችሁ ንገሯቸው፣ ሥራ ቀን ቀትር ላይ መምጣት የምትችሉ ከሆነም አስመዝግቡ፤ ከሥራ መውጫ በኋላ ያለው ሰዓት ነው ሁሉም የሚሻማበት። የቡድን ምክር ካላቸው እስከዚያው ግቡበት፤ ዋጋው ከግል ቀጠሮ ያንሳል። ሌላው ችግር ተለማማጁ ጊዜውን ጨርሶ መሄዱ ነው። መቼ እንደሚጨርስ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ከመሄዱ በፊት ከሚተካው ሰው ጋር አንድ ቀጠሮ ሦስታችሁ አብራችሁ እንድትቀመጡ ጠይቁ። ያኔ ታሪካችሁን ከዜሮ ለመናገር ሌላ ሁለት ቀጠሮ አትከፍሉም።