ድራማው ካለቀ በኋላ የትኛውን ቅጽ እንግዛ? የ«ዘ ኤክስፓንስ» የመጨረሻ መጻሕፍት ንጽጽር

«ዘ ኤክስፓንስ» የተባለውን የሕዋ ድራማ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው መጽሐፉን ለመግዛት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየትኛው ቅጽ መጀመር እንዳለበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስድስት ሲዝንና 62 ክፍሎች ያሉት ድራማ እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2022 ሲጠናቀቅ ከተመሠረተባቸው ዘጠኝ ልብ ወለዶች የደረሰው እስከ ስድስተኛው ድረስ ብቻ ነበርና። ቀሪዎቹ ሦስቱ በ2017 የወጣው «ፐርሴፖሊስ ራይዚንግ»፣ በ2019 የወጣው «ቲያማትስ ራዝ» እና በ2021 መጨረሻ ላይ የወጣው «ሌቫያተን ፎልስ» ናቸው። ርዕሶቹን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው የፐርሴፖሊስ መነሣት፣ የቲያማት ቁጣ እና የሌዋታን ውድቀት ይሆናሉ፤ ሌዋታን ደግሞ ከመጽሐፈ ኢዮብ የምናውቀው ያው የባሕር አውሬ ነው። ለአጭሩ ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው እያልሁ እቀጥላለሁ።

በመጻሕፍቱ ላይ ደራሲ ሆኖ የሰፈረው ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ የሚለው ስም የዳንኤል አብርሃምና የታይ ፍራንክ የጋራ የብዕር ስም ነው። ሁለቱ የመጀመሪያውን ቅጽ በ2011 አውጥተው በአሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኙን ጨርሰዋል፤ ብዙ ረጃጅም ተከታታይ ሥራዎች በሚቋረጡበት ዘርፍ ይህ ብቻውን ለገዢ ዋስትና ነው። በሦስቱ የመጨረሻ ቅጾች ውስጥ የሚሆነውን ከመነሻው አልፌ አልገልጽም። ድራማውን ያልጨረሰ አንባቢ ግን ከዚህ በታች የድራማው ፍጻሜ እንደሚነካ ይወቅ።

በአሜሪካ ሜሪላንድ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ የምንገናኝ ጥቂት ወዳጆች ዘጠነኛውን ካነበብን በኋላ እንደ ተከፋፈልንበት መጽሐፍ የለም። አንዱ «የጠበቅሁት መጨረሻ ይህ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ገንዘቤን ሰጥቼ ሕልም ገዛሁ» ብላ አማረረች። ክርክሩ ሲረግብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልን፤ ያማረሩት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዘለው ወይም ከሌላ ሰው አፍ ሰምተው በቀጥታ ወደ ዘጠነኛው የገቡ ነበሩ። ሦስቱን በተከታታይ ያነበቡት ግን፣ ጉድለቱን ቢቆጥሩም፣ መጽሐፉን ለሌላ ሰው ለመምከር አላመነቱም።

ሰባተኛው የሚጀምረው ከስድስተኛው ፍጻሜ 30 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። የፀሐይ ሥርዓታችንን ከ1,300 በላይ ሌሎች ሥርዓቶች ጋር የሚያገናኙት በሮች የንግድ መንገድ ሆነዋል፤ በቀደመው ጦርነት ወቅት መርከቦቹን ይዞ ከበሮቹ በአንዱ ማዶ ወዳለችው ፕላኔት ወደ ላኮኒያ የጠፋው የማርስ መኮንን ዊንስተን ዱዋርቴ ደግሞ ማንም ሊመክተው በማይችል ኃይል ይመለሳል። የአንባቢው ዋና ቅሬታ ያለው በዚህ የዘመን ዝላይ ላይ ነው። ሮሲናንቴ የተባለችው መርከብ ሠራተኞች ሆልደን፣ ናኦሚ፣ ኤሞስና አሌክስ አርጅተዋል ይባላል፤ ሆኖም የሚኖሩት በዚያችው መርከብ ውስጥ ነው፣ ሥራቸውና ቀልዳቸው አልተለወጠም፣ የቀድሞው ነገር የትናንት ያህል ይነሣል። ቅሬታው እውነት አለው። በሌላ በኩል ሜዲና በተባለው ጣቢያ ላይ የሚሾመው ወጣቱ የላኮኒያ አስተዳዳሪ ሲንግ፣ በእኔ ግምት፣ በተከታታዩ ውስጥ በጥንቃቄ ከተሣሉት ክፉዎች አንዱ ነው። ሚስቱንና ትንሿን ልጁን የሚወድ፣ ሥርዓት ለሕዝብ ይበጃል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሹመኛ፣ አንድ መመሪያ በሌላ መመሪያ ላይ እየደረበ ወደ ጭካኔ ሲወርድ እናያለን። እንዲህ ያለ ሹመኛ በዓይኑ ያየ አንባቢ የሲንግን ምዕራፎች በቶሎ የሚያልፋቸው አይመስለኝም። የድርጊት ፍጥነት የሚሻ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹ 150 ገጾች ሊከብዱት ይችላሉ።

ስምንተኛው የአብዛኛው አንባቢ ምርጫ ነው፤ የእኔም ነው። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የምንወደውን አንድ ሰው ሞት ያረዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በሰላም እስከ መጨረሻው ይደርሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሆልደን በላኮኒያ ቤተ መንግሥት ምርኮኛ ነው። ናኦሚ ከአንዱ ጭነት መርከብ ወደ ሌላው በሚዘዋወር ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቃ፣ የሰው ፊት ሳታይ በመልእክት ብቻ የምሥጢሩን ትግል ትመራለች። በድራማው አራተኛ ሲዝን ያየናት ሳይንቲስቷ ኤልቪ፣ በሮቹን የሠሩትን ፍጥረታት ማን እንዳጠፋቸው እንድትመረምር በላኮኒያ መርከብ ተልካለች። እነዚህ መንገዶች ለየብቻ ሄደው በመጨረሻ ይገናኛሉ፤ ይህ አገነባብ በሰባተኛው ያልነበረውን ጥድፊያ ይሰጠዋል።

አንባቢን የሚከፋፍለው የዱዋርቴ ልጅ የቴሬሳ ድርሻ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለችው ይህች ልጅ አባቷ የዓለማት ሁሉ ገዢ በሆነበት ግቢ ውስጥ ያለ እኩያ ታድጋለች። አንዳንዱ አንባቢ «ጦርነቱን ትተን የሕፃን ኩርፊያ ለምን እናነባለን?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አምባገነኑን በጠላቶቹ ዓይን ብቻ ብናየው አንድ ተራ ጨካኝ ከመሆን አያልፍም ነበር፤ ልጁ ስታየው ግን አባት ነው፣ ታምነዋለች፣ እምነቷም ሲሰነጠቅ የግዛቱ ስንጥቅ አብሮ ይታየናል። ተከታታዩ ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት በምርጥ ተከታታይ ዘርፍ በ2020 ያገኘው ይህ ቅጽ ከወጣ በኋላ መሆኑም የሚያስገርም አይደለም፤ ምንም እንኳ ሽልማቱ ለሥራው ሁሉ የተሰጠ ቢሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ዘጠነኛውን የሚከፍት ሰው የፍጥነት ለውጥ ይጠብቀዋል። ጦርነቱ ወደ ጎን ተገፍቶ በበሮቹ ማዶ ያለው ኃይል ወደ መካከል ይመጣል። በዘጠነኛው ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ሁለቱ ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ታናካ የተባለችው የላኮኒያ ኮሎኔል የሮሲናንቴን ሰዎች የምታሳድድበት ሐረግ ይደጋገማል የሚል ነው፤ ትደርሳለች፣ ያመልጧታል፣ እንደ ገና ትደርሳለች። ይህ ፍትሐዊ ትችት ነው፤ መካከለኛው ክፍል 60 ገጽ ያህል ቢቀነስለት መጽሐፉ ባልጎደለበት ነበር። ሁለተኛው በየመካከሉ በሚገቡት «ሕልመኛ» የሚል ርዕስ ባላቸው አጫጭር ምዕራፎች ላይ ነው። የጥንቶቹ ፍጥረታት ትዝታ የሚነገርበት ቋንቋቸው የቀረውን መጽሐፍ ቋንቋ አይመስልም፤ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር የተለየ ነው፣ ትርጉሙም ወዲያው አይገለጥም። ያቺ ሕልም ገዛሁ ያለችው ወዳጃችን እነዚህን ነበር ማለቷ። እኔም በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱን ዘልያቸው ነበር፤ ኋላ ስመለስባቸው በሦስተኛው ቅጽ የተነሣው ታላቅ ጥያቄ፣ የበሮቹ ሠሪዎች ምን ነበሩ የሚለው፣ እውነተኛ መልሱን ያገኘው በእነርሱ ውስጥ መሆኑን አየሁ።

ዘጠነኛውን ብቻውን መግዛት ለምን እንደማይጠቅም አንድ ትንሽ ነገር ያሳያል። በዚህ ተከታታይ እያንዳንዱ ምዕራፍ ርዕሱ ታሪኩ በዓይኑ የሚታይበት ሰው ስም ነው። ሆልደን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ «ሆልደን» እየተባለ ሲመጣ ቆይቶ በስምንተኛው፣ ከመግቢያውና ከመደምደሚያው በስተቀር፣ ምርኮኛ ሆኖ በሚታይባቸው ምዕራፎች ላይ ስሙ ይነሣና «የሚጨፍረው ድብ» የሚል ርዕስ ይተካል። በዘጠነኛው ደግሞ «ጂም» ሆኖ ይመለሳል፤ ናኦሚ የምትጠራው ስም ይህ ነው። ደራሲዎቹ ስለ ለውጡ አንድም ቃል ማብራሪያ አይሰጡም። ሁለቱን ቀዳሚ ቅጾች ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ርዕስ ሲያይ በምርኮ ውስጥ ከዚያ ሰው ምን ያህል እንደ ጠፋና ምን ብቻ እንደ ተረፈ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ይገባዋል። በዘጠነኛው የጀመረው ግን ስም አንብቦ ያልፋል። ፍጻሜው የሚቆመው በእንዲህ ያሉ ነገሮች ላይ ነው፤ ሆልደን በመጨረሻ የሚወስነው ውሳኔ በመጀመሪያው ቅጽ ካየነው ጠባዩ የሚፈልቅ ነው ብለው የሚያመሰግኑትም ሆኑ ድንገተኛ ነው ብለው የሚነቅፉት የሚለያዩት ምን ያህሉን መንገድ አብረው በመሄዳቸው ነው።

ስለዚህ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ጎን ለጎን ሲታዩ ስምንተኛው የተሻለ መጽሐፍ ነው፤ ዘጠነኛው ደግሞ ስምንተኛው የጀመረውን ከዳር የሚያደርስ መጽሐፍ ነው። የጦር መርከቦች ፍልሚያና የምሥጢር ትግል የሚስበው ሰው በስምንተኛው ጠግቦ ይወጣል፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ማቆም አይችልም፣ መጨረሻው እንዳይቆም አድርጎ ይተወዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሰባተኛውን መዝለል የሚያስብ ካለ፣ በአሜሪካ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊቢ በተባለው መተግበሪያ የኤሌክትሮኒክና የድምፅ መጻሕፍትን በነፃ ስለሚያውሱ ሰባተኛውን ከዚያ ተውሶ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ቢገዛ ይሻለዋል። መልሼ አነባለሁ የምለው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከድራማው በቀጥታ የሚመጣ ገዢ ሊያውቃቸው የሚገቡ ልዩነቶች አሉ። በድራማው አምስተኛ ሲዝን መጨረሻ ላይ አሌክስ በከፍተኛ የፍጥነት ጭማሪ ጫና ምክንያት በስትሮክ ይሞታል፤ በመጽሐፉ ግን በሕይወት አለ፣ በሦስቱም የመጨረሻ ቅጾች የራሱ ምዕራፎች አሉት፣ ልጁ ኪትም በዘጠነኛው ድርሻ አለው። ያ አሟሟት በመጽሐፉ የሌላ ገጸ ባሕርይ፣ የፍሬድ ጆንሰን፣ ነበር። ድረመር የተባለችው ገጸ ባሕርይም በሁለቱ ትለያለች፤ በድራማው ከሌሎች ገጸ ባሕርያት ጋር ተዋሕዳ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ የጎላች ስትሆን በመጽሐፉ በእውነት ወደ ፊት የምትወጣው በሰባተኛው፣ በበሮቹ የሚያልፈውን ንግድ የሚቆጣጠረው የትራንስፖርት ዩኒየን ፕሬዚዳንት ሆና ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያወቀ ሰው ሰባተኛውን ያለ ብዙ ግርታ መጀመር ይችላል። ጊዜ ያለው ግን ከአምስተኛው ቅጽ ቢጀምር እመክራለሁ፤ ስድስተኛው ተራኪዎቹ እጅግ ስለበዙ የተበታተነ ቢሆንም አምስተኛው ከስምንተኛው ጋር የሚወዳደር ነው።

በምን መልክ ይገዛ ለሚለው፣ እያንዳንዱ ቅጽ በወረቀት 500 ገጽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በድምፅ ወደ 20 ሰዓት ይወስዳል። ተራኪው ጄፈርሰን ሜይስ ነው፤ አራተኛውን በመጀመሪያ ሌላ ሰው ተርኮት ኋላ ሜይስ እንደ ገና ስለቀረጸው ዛሬ ዘጠኙንም በአንድ ድምፅ መስማት ይቻላል። ከወዳጆቻችን አንዱ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ በመሆኑ ሦስቱንም መሪ ላይ ሆኖ ነው የጨረሳቸው፤ ስምንተኛው ለጆሮ እጅግ ይስማማል ይላል። በዘጠነኛው ግን የሕልመኛው ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር መንገድ ዳር አቁሞ ወደ ኋላ እየመለሰ ይሰማ እንደነበር ነግሮናል። ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ ስለሚያስፈልግ ዘጠነኛውን በወረቀት ወይም በኤሌክትሮኒክ መልክ መግዛት ይሻላል።

ከሦስቱ ልብ ወለዶች ውጭ አንድ ተጨማሪ ግዢ አለ። በስድስተኛው ሲዝን የየክፍሉ መክፈቻ ላይ በላኮኒያ የምትኖረው ካራ የተባለች ልጅና ወንድሟ ዛን ታይተው ታሪካቸው ሳይፈታ እንደቀረ ተመልካቹ ያስታውሳል። ምንጩ በ2017 የወጣው «ስትሬንጅ ዶግስ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ልጆቹም በስምንተኛውና በዘጠነኛው ወሳኝ ስፍራ ስለሚይዙ ቢያንስ ከስምንተኛው በፊት መነበብ አለበት። ለብቻው በኤሌክትሮኒክ መልክ ይገኛል፤ ወይም ስምንቱን አጫጭር ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ያሰባሰበውን በ2022 የታተመውን «ሜሞሪስ ሊጅን» መግዛት ይቻላል። እኔ ጥራዙን እመርጣለሁ፤ የኤሞስን የወጣትነት ዘመን የሚተርከው «ዘ ቸርን» ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። ጥራዙን የሚገዛ ሰው ግን የመጨረሻውን ታሪክ ለይቶ ያቆየው፤ ከዘጠነኛው በኋላ የሚሆን ስለሆነ፣ ቀድሞ የከፈተው የዘጠነኛውን ፍጻሜ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይገምታል።