የጃፓን ድራማ ሬቲንግ፦ ለተመልካች ስንት ያወጣል?

የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ውስጥ ነው፤ ዮትሱጊ ሰፈር። ሐበሻ የሚበዛበት አካባቢ ነው። ጃፓንኛ ጆሮዬ የለመደው ከክፍል ይልቅ በድራማ ነው። ግን ድራማው መብዛቱ! እዚህ አገር የድራማ ወቅት በዓመት አራት ጊዜ ይቀየራል። ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይ፣ ኦክቶበር። በየወቅቱ አዲስ ድራማ ይጎርፋል፤ አብዛኛው 10 ወይም 11 ክፍል ሆኖ ያልቃል። ሥራ ያለው ሰው ሁሉንም ልይ ቢል አይዘልቀውም። መምረጥ የግድ ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው ደግሞ የሳምንቱን የሬቲንግ ሰንጠረዥ፣ ማለትም እያንዳንዱን ፕሮግራም ከመቶ ስንቱ እንዳየው የሚያሳየውን፣ አይቶ ነው። ዛሬ የምገመግመው ድራማ ሳይሆን ራሱን ሰንጠረዡን ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። እዚህ ሆኖ በሁለት ካላንደር መኖር ያደክማል።)

ሰንጠረዡን የሚያወጣው ቪዲዮ ሪሰርች የሚባል ድርጅት ነው። 1962 ላይ ተቋቋመ። ድሮ ኒልሰንም እዚህ ይለካ ነበር፤ 2000 ላይ የቤተሰብ ሬቲንጉን (በሰው ሳይሆን በቤት የሚቆጠረውን) ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ሬቲንጉ ስንት ነው?» ሲባል የቪዲዮ ሪሰርች ቁጥር ማለት ነው። በየሳምንቱ በድረ ገጻቸው ላይ ከፍተኛውን ቁጥር ያገኙትን ፕሮግራሞች በየዘርፉ ያወጣሉ፦ ድራማ ለብቻ፣ ዜና ለብቻ፣ አኒሜ ለብቻ። በነጻ ነው። ባቡር ላይ ቆመው በስልክ ሊያዩት ይችላሉ። በጋዜጣም በወሬም የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የካንቶ ቁጥር ነው፤ ማለትም የቶኪዮና በዙሪያዋ ያሉ ስድስት ክፍለ ግዛቶች።

አለካኩ ደስ ይላል። የተመረጠው ቤት ቴሌቪዥን አጠገብ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ትቀመጣለች። አብሯት ሪሞት አለ። ሪሞቱ ላይ ለአባት አንድ ቁልፍ፣ ለእናት አንድ ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁልፍ አለ። ማየት ሲጀምሩ የራስዎን ይጫናሉ። ሲነሱም እንዲሁ። ከ4 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ይቆጠራል። መሣሪያዋ በየደቂቃው የትኛው ጣቢያ እንደተከፈተ ትመዘግባለች። የአንድ ክፍል ሬቲንግ የሚባለው የእነዚያ ደቂቃዎች አማካይ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ቢጎርፍ እንኳ መጀመሪያው ቀዝቃዛ ከሆነ አማካዩ ይጎተታል።

ቤቶቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። «እኔን መዝግቡኝ» ብሎ መለመን አይሠራም። ሚዲያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት አይገባም። ማን እንደተመረጠም ሚስጥር ነው፤ ደግሞም መሆን አለበት። 2003 ላይ ኒፖን ቴሌቪዥን የሚባለው የግል ጣቢያ አንድ ፕሮዲዩሰር የግል መርማሪ ቀጥሮ የድርጅቱን መኪና አስከተለ። መሣሪያው ያለባቸውን ቤቶች አገኘ። ከዚያ ጉርሻ እየሰጠ ፕሮግራሙን እንዲያዩለት አስጠየቀ። ተጋለጠ፤ አገሩ ተንጫጫ። ለአንድና ሁለት ነጥብ ብሎ መርማሪ መቅጠር! ቁጥሩ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን ያህል እንጀራ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

እንጀራ ነው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣቢያዎቹ ለማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸጡት ይህንኑ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 15 ሰከንድ የሆነች ማስታወቂያ 10 በመቶ ሬቲንግ ባለው ሰዓት ላይ አሥር ጊዜ ከወጣች ተደምሮ 100 ይሆናል። ደንበኛው የሚገዛው ይህን ያህል መቶ ነጥብ ብሎ ነው። ዋጋውም በነጥብ ነው። እንግዲህ አንድ ድራማ ዝቅ ሲል ጣቢያው ያንኑ ነጥብ ለመሙላት ማስታወቂያውን ደጋግሞ ማውጣት አለበት።

ሰንጠረዡን እንደ ተመልካች ሲያዩት ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል።

መጀመሪያ የናሙናው ነገር። ካንቶ ውስጥ ድሮ 600 ቤት ነበር። 2016 ላይ 900 ሆነ፤ 2020 ላይ 2,700። ለሒሳቡ በቂ ነው፤ ቅር አይለኝም። ነገር ግን በ2,700 ቤት እንኳ 10 በመቶ የሚል ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም 1.2 ያህል ሊወዛወዝ ይችላል። በ600 ቤት ጊዜ 2.4 ነበር። የመዝናኛ ጋዜጦቹ ግን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ድራማው ከ10.2 ወደ 9.8 ሲወርድ «ወደ አንድ አሃዝ ወደቀ!» ብለው ርዕስ ያወጣሉ። ተዋናይዋ ላይ ይዘምታሉ። ምን ወደቀ? ምናልባት ምንም አልወደቀም። ያኔ ዝናብ ዘንቦ ይሆናል፤ በሌላ ጣቢያ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ይሆናል። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። መለኪያው ራሱ ይህን ያህል አያጋንንም፤ አጋናኙ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቤትና የሰው ልዩነት ነው። ሁለት ቤት እናስብ። በአንደኛው አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ድራማውን እያዩ ነው። በሁለተኛው አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች አሉ። አባት ብቻ ነው የሚያየው፤ ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። በቤተሰብ ሬቲንግ ሁለቱም ቤት ከፍቷል፤ 100 በመቶ። በግለሰብ ሬቲንግ ከአምስት ሰው ሁለቱ፤ 40 በመቶ። ድራማው ያው፣ ማታውም ያው ማታ ነው።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሕዝብ 65 ዓመት የሞላው ነው፤ ብቻውን የሚኖረውም ብዙ ነው። በቤት ሲቆጠር የሽማግሌዎች ምርጫ ሚዛኑን ይደፋል። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። ረቡዕ ማታ፣ በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ፣ ቲቪ አሳሂን ከፍተው የፖሊስ ድራማቸውን ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «እርስዎ እኮ አገሩን እየመረጡለት ነው» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። የፖሊስና የሐኪም ድራማ ሰንጠረዡ አናት ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድ ሲል አይግረማችሁ።

ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ይህን ቀድመው ነቅተውበታል። 2018 ላይ በካንቶ የማስታወቂያ ሽያጩ ወደ ግለሰብ ሬቲንግ ዞረ፤ በሰባት ቀን ውስጥ ተቀርጾ የታየውም አብሮ ተደመረ። ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የግለሰብ መለኪያው በመላው አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። ኒፖን ቴሌቪዥን ከ13 እስከ 49 ዓመት ያሉትን «ዋና ዒላማ» ብሎ ለይቶ ይከታተላል። ገንዘቡ ወደ ሌላ መለኪያ ሄዶ ወሬው ግን አሁንም በቤተሰብ ሬቲንግ ላይ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ስትከፍቱ የግለሰቡን ዓምድ ፈልጉ። በካንቶ አንድ በመቶ ግለሰብ ማለት ወደ 400 ሺህ ሰው ነው። እንዲህ ሲታይ 5 በመቶ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ወጣቱን ይመለከታል። 2022 ላይ ፉጂ ቴሌቪዥን «ሳይለንት» የሚል የፍቅር ድራማ አወጣ። ልጁ መስማት የተሳነው ነው፤ ብዙው ንግግር በምልክት ቋንቋ ነው። ስልክ እየነካኩ የሚያዩት ዓይነት አይደለም። በቤተሰብ ሬቲንግ መጨረሻው ክፍል እንኳ 10 በመቶ አልደረሰም። በቲቨር፣ ማለትም የጣቢያዎቹ የጋራ ነጻ የኢንተርኔት ማሳያ ላይ፣ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ በሳምንት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በጊዜው ሪከርድ ነበር። ያኔ በሰንጠረዡ ብቻ የመረጠ ሰው የወቅቱ መነጋገሪያ አምልጦት ነበር ማለት ነው። ቲቨር ላይ አዲሱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከጃፓን ውጭ ግን አይከፍትም። እስራኤልም ሆነ ዲሲ ያላችሁ፣ በከንቱ አትልፉ።

ታዲያ ሰንጠረዡ ለኛ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። ቁጥሩን ሳይሆን አካሄዱን ካያችሁ።

የመጀመሪያ ክፍል ሬቲንግ የሚነግራችሁ ድራማው ምን ያህል እንደተዋወቀ ነው። ተዋናዩ ታዋቂ ከሆነ ሰው ይከፍታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው። የቲቢኤሱን «ሃንዛዋ ናኦኪ» ውሰዱ፤ የባንክ ሠራተኛ ከአለቆቹ ጋር የሚተናነቅበት። 2013 ላይ በ19.4 ጀመረ። ከዚያ 21.8፣ 22.9፣ 27.6... እያለ ወጣ። መጨረሻው ክፍል በካንቶ 42.2፣ በካንሳይ (ኦሳካና አካባቢዋ) 45.5። ሰው ሥራ ቦታ እያወራ፣ ያላየው እያፈረ ተጨመረ። 2016 ላይ «ኒገሃጂ» ብለው በአጭሩ የሚጠሩት የዚያው ጣቢያ ድራማ በ10.2 ጀምሮ በ20.8 አለቀ። እንዲህ በየሳምንቱ የሚወጣ ድራማ ካያችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡበት። ሌላ ግምገማ ማንበብ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ፦ የዛሬውን ከድሮው ጋር አታወዳድሩ። የሕዝብ ጣቢያው የኤንኤችኬ «ኦሺን» 1983 ላይ 62.9 በመቶ ደርሶ ነበር። በጠዋት፣ 15 ደቂቃ በምትሆን ድራማ! ያኔ ኢንተርኔት የለም፣ ቲቨር የለም፤ ቤት ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ነው። በዚያ ዓይን ካያችሁት ዛሬ ያለው ድራማ ሁሉ የከሰረ ይመስላችኋል። አልከሰረም።

ኮከብ ስጥ ብትሉኝ ሁለት ዓይነት ነው የምሰጠው። ለተሠራበት ዓላማ፣ ማስታወቂያ ለመሸጥ፣ ከአምስት አራት ተኩል። በጥንቃቄ ይለካል፣ ከዘመኑ ጋርም ይሻሻላል። «ዛሬ ማታ ምን ልይ?» ለሚል ሰው ሁለት ተኩል፤ ግማሿም ነጻ በመሆኑ የጨመርኳት ናት። ለጃፓንኛ ተማሪ ደግሞ የምመክረው ይህን ነው። ወቅቱ ሲጀምር ዝም ብላችሁ የወደዳችሁትን ሦስት አራት ድራማ ጀምሩ። በአራተኛው ሳምንት ሰንጠረዡን ክፈቱ። ያልጀመራችሁት ሆኖ ቁጥሩ እየወጣ ያለ ካለ እሱን ጨምሩ። የምትወዱት ከሠንጠረዡ ከጠፋ ግን አትተዉት። የሚቆጥረው ያቺ መሣሪያ ያለችበትን ቤት ነው፤ እናንተ ቤት የለችም።